ቀለበቱ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ ኤሌክትሮኑ በየትኛው ያልፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም። የኬሚስትሪ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሞለኪውላር ኤሌክትሮኒክስ ሳነብ አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ፊዚክስ ላይ የተማርነው በትይዩ የተገጠሙ ሁለት ሬዚስተሮች ኮረንቲውን ይካፈሉታል ብለን ነው። ታዲያ የቤንዚን ቀለበት ሁለት ቦታ ላይ ሽቦ ቢገጠምለት፣ ኮረንቲው አደባባይ ላይ እንደደረሰ መኪና ግማሹ በቀኝ ግማሹ በግራ ዞሮ ይወጣል ማለት ነው? ከሆነስ አንዱን ሽቦ በአንድ ካርቦን ብቻ ፈቀቅ ሲያደርጉት ኮረንቲው ለምን ድርቅ ይላል? መንገዱ እኮ አጠረ እንጂ አልረዘመም። እህታችሁ ከባሕር ዳር።»

መልስ፦

እህቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ደጋግሜ አነበብኳት። «መንገዱ እኮ አጠረ እንጂ አልረዘመም።» ልክ ነሽ። ካርቦኖቹን ከ1 እስከ 6 ቁጠሪያቸው። አንዱ ሽቦ 1ኛው ላይ፣ ሌላው ፊት ለፊቱ 4ኛው ላይ ከሆነ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ቦንድ (የጎረቤት ካርቦኖች ማያያዣ) አለ። ሁለተኛውን ሽቦ ወደ 3ኛው ስናመጣው አንዱ መንገድ ሁለት ቦንድ ይሆናል፣ ሌላው አራት። እያንዳንዱን ቦንድ 1 ኦም ነው ብለሽ ብታሰዪው፣ 3 እና 3 በትይዩ 1.5 ኦም ይሰጡሻል። 2 እና 4 ደግሞ 1.33 ኦም። ተራ ሽቦ ቢሆን ኮረንቲው ትንሽ መጨመር ነበረበት። ሞለኪውሉ ላይ ግን ይወርዳል፣ ያውም ክፉኛ ይወርዳል። በሬዚስተር ሂሳብ የማይፈታ ነገር ነው ያገኘሽው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ኤሌክትሮኑ ከሁለቱ መንገድ አንዱን አይመርጥም። ግማሾቹ ኤሌክትሮኖች በቀኝ፣ ግማሾቹ በግራም አይሄዱም። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ በሁለቱም በኩል ያልፍና መውጫው ላይ ከራሱ ጋር ይገናኛል። 4ኛው ካርቦን ላይ ሲገናኝ ሁለቱ ሞገዶች ይደጋገፋሉ። 3ኛው ላይ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ኮረንቲው የደረቀው መንገድ ስለጠፋ አይደለም፤ ሁለት መንገድ ስላለ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ «ቤንዚን» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ማደያውን ነው። መኪና ውስጥ የሚቀዳው ቤንዚን የብዙ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። የምናወራለት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት እዚያ ውስጥ በጥቂቱ አለ እንጂ ቤንዚኑ ራሱ እሱ አይደለም። ስለዚህ እዚህ «ቤንዝን» እያልኩ ብጽፍ ይሻላል። መጀመሪያ የለየው ማይክል ፋራዴይ ነው፣ በ1825 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከስድስት ዓመት በኋላ ጀነሬተር የሚሠራበትን ኢንዳክሽን ያገኘውም ይኸው ፋራዴይ ነው። ኤሌክትሪኩንና ቀለበቱን አንድ ሰው በእጁ ይዟቸው ነበር፤ አንዱን በሌላው ውስጥ ማሳለፍ ግን ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ፈጀ።

እንዴት ነው ይህን የሚያህል ነገር ላይ ሽቦ የሚገጠመው? ሁለት ጎረቤት ካርቦኖች የሚራራቁት 0.14 ናኖሜትር ነው። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀጥታ ሲለካ 0.28 ናኖሜትር። ይህን የሚይዝ መቆንጠጫ የለም። ዘዴው ሌላ ነው። ሹል የወርቅ ጫፍ የወርቅ ሰሌዳ ላይ ተጭኖ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሳባል። ወርቁ እንደ ማር እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻ ላይ አንድ የወርቅ አቶም ብቻ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት የሚለካው ሬዚስታንስ ወደ 12.9 ኪሎ ኦም ነው። ይህ ቁጥር ከተፈጥሮ ቋሚዎች ብቻ የሚወጣ ነው፣ እንደ ሜትር ያገለግለናል። ቀጥሎ ወርቁ ይበጠሳል። ዙሪያውን ሞለኪውሎች ካሉ ደግሞ አንዱ ክፍተቱን ይሞላውና እንደ ድልድይ ይዘረጋል። በሁለት ጫፉ ወርቅ የሚይዝ «መንጠቆ» ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ድኝ ወይም አሚን (ናይትሮጅን ያለበት የአቶሞች ስብስብ) ነው የሚደረገው። ከዚያ ሞለኪውሉም ይለቃል። ጫፉ ተመልሶ ይጫናል፣ እንደገና ይሳባል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደገማል፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር የሞለኪውሉ ነው ይባላል።

ማርክ ሪድና ጄምስ ቱር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1997 ያሳተሙት ልኬት የዚሁ ዘዴ ዘመድ በሆነ መንገድ የተሠራ ነው። ሞለኪውሉ በሁለት ጫፉ ድኝ ያለው ቤንዝን ነበር። በ2003 ቢንግኪያን ሹ እና ኖንግጂያን ታዎ መሳብና መጫኑን ፈጣን አድርገው በብዛት መለካት እንዲቻል አደረጉ። የድኙ ቤንዝን ግን ዛሬም ራስ ምታት ነው። ድኝ ወርቅን በብዙ ዓይነት አቀማመጥ ስለሚይዝ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ የሚወጣው ቁጥር ሰፊ ልዩነት አለው። አሚን ይሻላል። በሁለት ጫፉ አሚን ያለው ቤንዝን ፓራ ላይ (1ኛውና 4ኛው ካርቦን ላይ) ሲገጠም ከዚያ ከአንድ አቶም ወርቅ አስተላላፊነት 0.0064 እጅ ያህል ያስተላልፋል። ወደ ሬዚስታንስ ሲቀየር 2 ሜጋ ኦም ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ይዘሽ ከእኔ ጋር ትንሽ አስሊ። 0.1 ቮልት ብንሰጠው 50 ናኖ አምፒር ገደማ ያልፋል። ይህ በሰከንድ 300 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ገልብጠሽ እዪው፤ በአማካይ በ3 ፒኮ ሰከንድ አንድ ኤሌክትሮን ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ ቀለበቱን ለመሻገር የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ በፌምቶ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው። አንድ ፒኮ ውስጥ አንድ ሺህ ፌምቶ አለ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበቱ ላይ እያለፈ ያለ ኤሌክትሮን የለም። ሲያልፍም አንድ ብቻውን ነው። የሚካፈል ሕዝብ ከሌለ «ግማሹ በቀኝ ግማሹ በግራ» የሚባል ነገር አይኖርም። የአደባባዩ ምሳሌሽ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤሌክትሮኑ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ አያርፍም። ሞለኪውሉ የራሱ የኢነርጂ ደረጃዎች አሉት፤ በሞሉትና ባዶ በሆኑት መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ከወርቁ የሚመጣው ኤሌክትሮን ኢነርጂው የሚያርፈው እዚያ ክፍተት መሃል አካባቢ ነው። የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። ሾልኮ ነው የሚያልፈው። ተነሊንግ የምንለው ይህ ነው። ሾልኮ የሚያልፍ ነገር ደግሞ ሁሉንም መንገድ አንድ ላይ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው ሂሳብ። የሞገድ ፌዝን፣ ማለትም ሞገዱ በዑደቱ የት እንደደረሰ፣ እንደሚዞር ቀስት አስቢው። ቀስቱ ወደ ላይ ከሆነ ሞገዱ ከፍታው ላይ ነው፣ ወደ ታች ከሆነ ዝቅታው ላይ። ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ቀስቶቻቸው ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ ይደመራሉ። ፊትና ኋላ ከሆኑ ይጠፋፋሉ። እንግዲህ ኤሌክትሮኑ አንድ ቦንድ በተሻገረ ቁጥር ቀስቱ ምን ያህል ይዞራል?

ከኬሚስትሪ ትምህርትሽ የምታውቂውን አስታውሺ። የቤንዝን ዝቅተኛው የፓይ ኦርቢታል (ቀለበቱ በሙሉ የሚጋራቸው ኤሌክትሮኖች ደረጃ) ላይ ስድስቱም ካርቦኖች አንድ ምልክት አላቸው። ቀስቱ ከካርቦን ወደ ካርቦን አይንቀሳቀስም። ከፍተኛው ኦርቢታል ላይ ደግሞ ምልክቱ በየካርቦኑ ይገለበጣል፤ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ። ቀስቱ በየቦንዱ ግማሽ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ክፍተቱ መሃል ላይ ያለውስ? የሁለቱ መሃል ነዋ። በየቦንዱ ሩብ ዙር።

ቁጠሪ። ፓራ ላይ፣ ማለትም ከ1 ወደ 4፣ በአንዱ በኩል ሦስት ሩብ፣ በሌላውም ሦስት ሩብ። ቀስቶቹ አንድ ወገን ያያሉ። ኮረንቲው ያልፋል። ሜታ ላይ፣ ከ1 ወደ 3፣ በአጭሩ መንገድ ሁለት ሩብ ነው፣ ግማሽ ዙር። በረጅሙ አራት ሩብ፣ ሙሉ ዙር። አንዱ ቀስት ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ። ተጠፋፉ። ኦርቶ ላይ፣ ከ1 ወደ 2፣ በአንዱ በኩል አንድ ሩብ፣ በሌላው አምስት ሩብ። አምስት ሩብ ማለት አንድ ሙሉ ዙርና ሩብ ነው። ስለዚህ እንደገና አንድ ወገን ያያሉ። ሽቦውን ከ4 ወደ 3 አምጥተሽ ኮረንቲውን ካደረቅሽው በኋላ፣ አንድ ካርቦን ጨምረሽ ወደ 2 ብታመጪው ተመልሶ ይከፈታል። ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ኤሌክትሮኑ ቀለበቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮስ ቢወጣ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። እውነት ነው፣ ትክክለኛው ስሌት እነዚያንም ዙሮች ያስገባል። መልሱ ግን አይለወጥም።

ለዚህ ቆንጆ አቋራጭ አለ። ካርቦኖቹን እንደ ዶቃ አስቢያቸውና እያፈራረቅሽ ጥቁርና ነጭ ቀቢያቸው። 1 ጥቁር፣ 2 ነጭ፣ 3 ጥቁር፣ 4 ነጭ። ሁለቱ ሽቦዎች ተመሳሳይ ቀለም ላይ ከተገጠሙ ዝግ ነው። የተለያየ ቀለም ላይ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህንን መጀመሪያ ያገኘሁት በወረቀት ላይ ነው፤ የሜታው መልስ ዜሮ ሆኖ ወጣ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ስህተት አልነበረም። ይህ ዜሮ ነው ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ዜሮ ዜሮ ሆኖ አይገኝም። በ2013 ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት ላይ የተሠራ ጥናት መሃሉ ላይ አንድ ቤንዝን ያለበትን ሞለኪውል በፓራና በሜታ አሠርቶ አነጻጸረ። የፓራው ከሜታው ከአሥር እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። አሥር እጥፍ ትልቅ ነው፣ ግን ማለቂያ የሌለው እጥፍ አይደለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የወርቁ ኢነርጂ ከክፍተቱ ትክክለኛ መሃል ላይ አይውልም፤ ትንሽ ወደ አንዱ ወገን ያጋድላል። ያኔ ቀስቱ ልክ ሩብ ዙር አይዞርም፣ መጠፋፋቱም ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከፓይ ኤሌክትሮኖቹ ሥር ጎረቤት አቶሞችን በቀጥታ የሚያያይዙት የሲግማ ቦንዶቹ አጽም አለ። እሱም በትንሹ ያስተላልፋል፤ የፓይ መንገዱ ሲዘጋ የሱ ድርሻ ይታያል።

በ2012 ደግሞ የላይደንና የግሮኒንገን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ ሄዱ። ሽቦው የሚገጠምበትን ቦታ አልነኩም። ሦስት ቀለበት ከተደረደሩበት አንትራሲን መሃለኛው ቀለበት ላይ ሁለት ኦክስጅን ጨመሩ። አንትራኪኖን ይባላል። ርዝመቱ ያው ነው፣ ጫፎቹ ያው ናቸው። ማስተላለፉ ግን በጣም ወረደ። የሞገድ መጠፋፋት በተግባር እንደሚታይ ብዙ ሰው ያሳመነው ይህ ሥራ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣውና እኔ በጣም የምወደው ግን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ነው። የአንቺን ጥያቄ ቃል በቃል ነው የጠየቀው። ላታ ቬንካታራማንና ባልደረቦቿ አንድ መንገድ ያለው ሞለኪውልና ተመሳሳይ ሁለት መንገድ በትይዩ የያዘ ሞለኪውል አሠርተው አነጻጸሩ። እንደ ፊዚክስ መጽሐፍሽ ቢሆን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልክ ሁለት እጥፍ ማስተላለፍ ነበረበት። ከሁለት እጥፍ በላይ አስተላለፈ። ምክንያቱ ይኸውልሽ። በሞገድ ዓለም የሚደመረው ማስተላለፉ ሳይሆን የሞገዱ ከፍታ ነው። ማስተላለፉ የሚገኘው ድምሩን ስኩዌር በማድረግ ነው። 1 ሲደመር 1 ሁለት ነው፤ የሁለት ስኩዌር ደግሞ አራት። ስለዚህ ጣሪያው አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ሁለት መንገድ መኖሩ ከአራት እጥፍ እስከ ዜሮ ሊያመጣ ይችላል። የሚወስነው ቀስቶቹ ሲገናኙ ወዴት እንዳዩ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ መውጫው ብቻ ነው። ቀለበቱ ውስጥስ፣ በእያንዳንዱ ቦንድ ላይ ስንት ያልፋል? ጥያቄሽ በመጀመሪያ ይህ ነበር፣ አልዘለልኩትም። ፓራ ላይ ሁለቱ ወገኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሆኑ በአማካይ ግማሽ በግማሽ ነው። እዚህ ላይ ግምትሽ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን የቀለበቱ ሲሜትሪ እንጂ የሬዚስተር ሕግ አይደለም። ሜታ ላይ ነገሩ ይለያል። በ2010 ጄማ ሰለሞንና ባልደረቦቿ በየቦንዱ የሚያልፈውን ኮረንቲ በስሌት ተከታተሉ። መጠፋፋቱ በሚከሰትበት ኢነርጂ አካባቢ ቀለበቱ ላይ የሚሽከረከር ኮረንቲ ይታያል። ከመጠፋፋቱ ነጥብ በታች በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ነጥቡን ሲያልፍ ይገለበጣል።

ለመግባባት ያህል ቁጥር ልስጥሽ። ከሽቦው የሚገባው 1 ነው እንበል፣ የሚወጣውም 1። ውስጥ ግን በአጭሩ ወገን 3 ወደፊት፣ በረጅሙ ወገን 2 ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። 3 ሲቀነስ 2፣ 1። መጋጠሚያው ላይ የገባውና የወጣው እኩል ነው። የኪርኮፍ የመጋጠሚያ ሕግ አልተሰበረም፤ ቻርጅ የትም አይጠፋም። የተሰበረው «በትይዩ ያሉት ይካፈላሉ» የሚለው ብቻ ነው። አንዱ ቦንድ ከጠቅላላው በላይ ይሸከማል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይመልሳል። እውነተኛ አደባባይ ላይም እኮ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ መውጫውን አልፎ እንደገና የሚዞር አለ። ስለዚህ ምሳሌሽን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም። መኪናው አንድ ብቻ ነው፣ ሞገድም ነው፤ ይህን ብቻ ጨምሪበት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። በየቦንዱ የሚያልፈውን ኮረንቲ ማንም በቀጥታ ለክቶ አያውቅም። መልቲሜትር የሚያየው የገባውንና የወጣውን ነው። ውስጡን የምናውቀው በስሌት ነው። ስሌቱ የቆመበት መሠረት ጠንካራ ነው፣ ግን በሥዕል ላይ የምታዪአቸውን ያማሩ ቀስቶች እንደ ፎቶግራፍ አትቁጠሪያቸው።

ሌላ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱት ነገር አለ። ኤን ኤም አር (ሞለኪውልን በማግኔት የምንመረምርበት ዘዴ) ላይ «ሪንግ ከረንት» የሚባል ተምረሻል። የቤንዝን ሃይድሮጅኖች 7.3 ፒፒኤም አካባቢ የሚታዩት በዚያ ምክንያት ነው። እሱ ሌላ ነው። እዚያ ሽቦ የለም፣ ቮልቴጅ የለም፤ ከውጭ የመጣው ማግኔቲክ ፊልድ ነው የፓይ ኤሌክትሮኖቹን የሚያዞራቸው። እኛ የምናወራው ቮልቴጅ የሚነዳውን ነው።

ማግኔት ካነሳን አይቀር፣ በትልልቅ የብረታ ብረት ቀለበቶች ላይ ፌዙን በማግኔቲክ ፊልድ እያዞሩ ኮረንቲውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቤንዝን ላይስ? አስይው። የቀለበቱ ስፋት 0.05 ስኩዌር ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ዑደት ለማግኘት ወደ 80,000 ቴስላ ያስፈልጋል። ሆስፒታል ያለው ኤም አር አይ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ስለዚህ ማግኔቱን እርሺው። ቤንዝን ላይ ፌዝ የምንቆጣጠረው በኬሚስትሪ ነው፤ የሽቦውን ቦታ በመምረጥ፣ አቶም በመቀየር፣ ቅርንጫፍ በመጨመር። ይህ ለአንቺ ለኬሚስቷ ጥሩ ዜና ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ «ቀለበቱ አሮማቲክ (የፓይ ኤሌክትሮኖቹን በጋራ ይዞ የተረጋጋ) ስለሆነ ኤሌክትሮኑ እንደልብ ይፈሳል» ይላል። ይህ ልክ አይደለም፣ እኔም ሳስተምር መጀመሪያ የማስተካክለው እሱን ነው። በ2014 የኮሎምቢያዎቹ ባለ አምስት ጎን ቀለበቶችን ጎን ለጎን ለኩ፤ ሳይክሎፔንታዳይን፣ ፉራን፣ ታዮፊን። አሮማቲክነቱ በጨመረ ቁጥር ማስተላለፉ ቀነሰ። አሮማቲክ ቀለበት ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ይዟል፤ ለማያውቀው ኤሌክትሮን ብሎ ቦንዶቹን ማስተካከል አይፈልግም።

ሁለት ቀለበቶች አንዱ ከሌላው ጋር ሲገጠሙስ? ቬንካታራማንና ባልደረቦቿ በ2006 ያሳዩት አንዱ ቀለበት ከሌላው አንጻር በተጠመዘዘ ቁጥር ማስተላለፉ በማዕዘኑ ኮሳይን ስኩዌር መጠን እንደሚወርድ ነው። ጠፍጣፋ ሲሆኑ ከፍተኛ፣ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጉ ወደ ዜሮ።

የዶቃው ሕግም ወሰን አለው። አዙሊንን ውሰጂ፤ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ካርቦን ቀለበቶች ተጣብቀው የተሠራ ሰማያዊ ሞለኪውል ነው። ጥቁርና ነጭ እያፈራረቅሽ ልትቀቢው ብትሞክሪ አይሆንልሽም፤ የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ጥቁር ይገጥማሉ። በ2014 የታተመ ልኬት ሕጉ እዚያ እንደማይሠራ አሳይቷል። ቀለሙ ካልተፈራረቀ አቋራጩን ተዪውና ሙሉውን ስሌት ሥሪ።

መጠፋፋት ደግሞ የፓይ ኤሌክትሮኖች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2018 ከሲልከን የተሠራ ባለ ብዙ ቀለበት ሞለኪውል ተለካ። የሲግማ መንገዶቹ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ሞለኪውሉ በዚያው ርዝመት ካለ ባዶ ክፍተት ያነሰ አስተላለፈ። ባዶ ቦታ ላይ አቶሞች ጨምረሽ ኮረንቲው ሲቀንስ አስቢው። ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ለምን ይጠቅማል ብለሽ ባትጠይቂም እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ከልቤ ነው። አንድ ሞለኪውል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ አሪ አቪራምና ማርክ ራትነር በ1974 በስሌት አቀረቡ። በ2006 ካርዳሞን፣ ስታፎርድና ማዙምዳር የተባሉ ተመራማሪዎች የሜታ ቤንዝንን ዜሮ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ እንጠቀምበት አሉ። ተራ ትራንዚስተር ኮረንቲውን የሚያጠፋው ግድግዳ ከፍ በማድረግ ነው፤ ያ ኢነርጂ ይፈጃል። እዚህ ግን ቀለበቱ በተፈጥሮው ዝግ ነው። የሞገዱን ፌዝ በትንሹ ካናጋሽው ይከፈታል። በ2019 ሁለት ቡድኖች ሞለኪውሉን ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በሦስተኛ ኤሌክትሮድ ኢነርጂውን ወደ መጠፋፋቱ ነጥብ እያመጡና እያራቁ ማስተላለፉ ሲወርድና ሲነሳ በቀጥታ አዩ። ገበያ ላይ የዋለ ዕቃ የለም። በአንድ ቺፕ ላይ ቢሊዮን ሞለኪውል አንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ገና አልተቻለም። ከድኝና ከወርቅ ጋር የምንታገለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ዜሮውን ራስሽ እንድታገኚው እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ስድስቱን ካርቦኖች ሥዪና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቁጥር ጻፊ። ሕጉ ይህ ነው፤ የ1ኛው ካርቦን ሁለት ጎረቤቶች ቁጥር ሲደመር 1 መሆን አለበት፣ የሌሎቹ የእያንዳንዳቸው ጎረቤቶች ሲደመሩ 0። ይህን የሚያሟላ ቁጥር አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ከ1 እስከ 6 በተራ፦ 0፣ ½፣ 0፣ -½፣ 0፣ ½። ቁጥሩ በየካርቦኑ ላይ የሚደርሰው የሞገድ ከፍታ ነው፣ በክፍተቱ መሃል ኢነርጂ ላይ፣ ኤሌክትሮኑ በ1ኛው ሲገባ። ስኩዌር አድርጊው። ኦርቶና ፓራ ሩብ ሩብ፣ ሜታ ባዶ። ማይነሱ ላይ አትጨነቂ፤ ስኩዌር ሲደረግ ይጠፋል፣ ግን ሁለት ቀለበት ስትቀጥይ ይፈለጋል።

ይህ ከሆነልሽ ናፍታሊን ላይ ሞክሪው። ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች፣ አሥር ካርቦን ነው፤ ሁለቱ ካርቦኖች ለሁለቱም ቀለበት የጋራ ስለሆኑ ሦስት ሦስት ጎረቤት አላቸው። የትኞቹ ጥንዶች ዝግ እንደሆኑ መጀመሪያ በዶቃው ቀለም ገምቺ፣ ከዚያ ቁጥሩን ሥሪ። ያገኘሽውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።